በክረምት ሽርሽር እናት ምን አየች?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ልጆች እቤት መዋል ሲጀምሩ በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጨዋታ አለ፤ «ዘንድሮስ የት እንሂድ?» የሚለው። አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ መኪናውን ያስፈትሻል። መኪና የሌለው ደግሞ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ሚኒባስ ይከራያል። አባት መንገዱን ያሰላል፤ ልጆች በመስኮት በኩል ማን እንደሚቀመጥ ይጣላሉ። እናትስ? እናት ከጉዞው አራትና አምስት ቀን ቀድማ ቆሎ ትቆላለች፣ ዳቦ ቆሎ ትሠራለች፣ ሽሮና በርበሬ ትቋጥራለች፣ የልጆቹን ሹራብ አጥባ ታሰጣለች፤ በክረምት ሹራብ ቶሎ እንደማይደርቅ ደግሞ የምታውቁት ነው። ጉዞው ተጀምሮ መኪናው በቆመ ቁጥር ሌላው ወርዶ አገር ሲያይ እርሷ የምሳ ዕቃ ትዘረጋለች። ሲመለሱ ጎረቤት «እንዴት ነበር?» ብትላት፣ «ደኅና ነበር፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል» ከማለት በቀር ብዙ የምታወራው የላትም።

ይህን ስንል ሽርሽር ይቅር ማለታችን አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በሥራና በትምህርት የደከመ ቤተሰብ ሁለት ሦስት ቀን ወጣ ብሎ አገሩን ቢያይ የሚነቀፍ ነገር የለበትም፤ እንዲያውም ሊበረታታ ይገባዋል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሽርሽር ለእናት ወጥ ቤቱን በመኪና ጭኖ መዞር ከሆነ፣ ከቤት የወጣው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ይዘን ዛሬ አንባቢዎቻችንን በአንድ መንገድ እንወስዳችኋለን። መንገዱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ደብረ ታቦር የሚያስገባው፣ ከዚያም የጉናን ተራራ በቀኝ እየተወ ወደ ነፋስ መውጫ የሚያወጣው ነው። እስከ ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ ነፋስ መውጫ ደግሞ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሦስት ቀን ይበቃዋል። ከተማ አለበት፣ ገጠር አለበት፣ ታሪክ አለበት፣ ብርድም አለበት። እኔም በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከሁለት ቤተሰቦች ጋር በዚሁ ጎዳና ተጉዤ ስለ ነበር፣ ከምነግራችሁ አንዳንዱ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር እናስታውስ። ይህ አገር በቅርብ ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ እስከዚህ ደርሶ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ተመትታለች፤ ሰላማዊ ሰዎችም ሞተውባታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ እዚያው ላሉ ዘመዶቻችሁ ደውላችሁ፣ ከመናኸሪያም ጠይቃችሁ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታረጋግጡ ልጆች ይዛችሁ አትውጡ። ዘንድሮ ባይመች ለሚመጣው ክረምት ይቀመጥ፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ስለ ባሕር ዳር ብዙ አንልም፤ ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል። ጧት በ12 ሰዓት ተኩል ተነሥታችሁ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት በተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ባለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ስታልፉ፣ ልጆቹ ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበትን አቅጣጫ እንዲያዩ ንገሯቸው። ከዚያ ወዲያ ሐሙሲትን አልፋችሁ የጉማራን ወንዝ ትሻገራላችሁ። በነሐሴ ጉማራ አፈር መስሎ፣ ግንድና ቅጠል እየገፋ ነው የሚወርደው። ይህን ቀለም ልብ በሉት፤ በሦስተኛው ቀን መነሻውን ታያላችሁ።

ጉማራን ስትሻገሩ የፎገራ ሜዳ ይቀበላችኋል። ሜዳው በክረምት ውኃ ስለሚተኛበት ሐይቁ ድንበሩን ጥሶ የመጣ ይመስላል። አንዳንዴም ከመምሰል ያልፋል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሎ ነበር። ሆኖም ይኸው ውኃ ነው ፎገራን የሩዝ አገር ያደረጋት። ሩዙን በደርግ ዘመን እዚህ ያስተዋወቁት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬም ገበሬው «ኤክስ ጅግና» እያለ የሚጠራው ዝርያ ስሙን ያገኘው ያኔ ከተሞከረበት ከጅግና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አሁን ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። እኛን የሳበን ግን የማሳው ሥራ ነበር። ሴቶች ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ሕፃን በጀርባቸው አዝለው፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ እንደ ተነከረ ጎንበስ ብለው ሩዝ ያርማሉ። ባሎቻቸውም አብረዋቸው ነበሩ፤ ሐሰት አንናገርም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ወደ ምድጃው ቀድማ የምትሮጠው ማን እንደ ሆነች መጠየቅ አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ የወረታ እናቶች ሩዝን ለእንጀራ አውለውታል። አንዳንዷ ለብቻው፣ ብዙዋ ከጤፍ ጋር ቀላቅላ ትጋግረዋለች። ለብቻው ሲጋገር በማግሥቱ ይደርቃል ይባላል፤ ከጤፍ ጋር የተቀላቀለው ግን ነጭና ለስላሳ ነው። የጤፍ ዋጋ ያስጨነቃት የቤት እመቤት ሁለትና ሦስት ኪሎ ሩዝ ይዛ ብትመለስ ሞክራ ታየዋለች።

ወረታ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ቀጥ ያለው ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ እናንተ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ በቻይና መንግሥት እርዳታ ወደ ተሠራው የወረታ–ወልድያ ጎዳና ትገባላችሁ። የአገሩ ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከወረታ ከአሥር ኪሎ ሜትር ብዙም ሳትርቁ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ አውራ አምባ ትገኛለች።

ስለ አውራ አምባ ያልሰማ ሰው የለም ለማለት ይቻላል፤ ሰምቶ ያላያት ግን ብዙ ነው። ማኅበረሰቡ በ1964 ዓ.ም. ተመሠረተ። መሥራቹ የክብር ዶክተር ዙምራ ኑሩ የዚህ ሁሉ መነሻ ምን እንደ ነበር ሲጠየቁ የሚተርኩት የልጅነታቸውን ነገር ነው። እናታቸውና አባታቸው እርሻ አብረው ይውላሉ፤ ማታ እቤት ሲገቡ አባት ያርፋሉ፤ እናት ግን ሌላ የሥራ ቀን ይጀምራሉ። መፍጨቱ፣ መጋገሩ፣ ልጅ ማስተኛቱ፣ የባልን እግር ማጠቡ የእርሳቸው ነበር። ልጅ ዙምራ ይህ ለምን እንደ ሆነ ቢጠይቁ አጥጋቢ መልስ የሚሰጣቸው ሰው አላገኙም። እንግዲህ ይህን ጥያቄ ስንት ልጅ አስቦት ይሆን? አስቦ የተወው ይበዛል። እርሳቸው ግን አልተዉትም።

በአውራ አምባ ሥራ በችሎታ እንጂ በጾታ አይከፋፈልም። ሴት ታርሳለች፤ ወንድ ይጋግራል። በሌላው አገር መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ነው፤ እዚህ ሴቷ ከሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጣ መወርወሪያ ስትወረውር፣ ወንዱም ጥጥ ሲፈትል ታያላችሁ። ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚጦሩበት ቤት አለ፤ ለሕፃናት የመማሪያ ቤት አለ፤ ቤተ መጻሕፍትም አለ። መንገዳቸው አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከጎረቤት ተቃውሞ ደርሶባቸዋል፤ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ በጥርጣሬ ስለ ታዩ ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዋል። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው ተይዞ ስለ ቆያቸው በሽመናና በወፍጮ፣ በንግድም ላይ አተኮሩ። ሃይማኖትን በሚመለከት ብዙ ሰው የማይስማማባቸው ነገር አለ። በአንድ ፈጣሪ እናምናለን ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ግን የላቸውም። ያ የዚህ ዓምድ ጉዳይ ስላልሆነ እናልፈዋለን። የምጣዱ ነገር ግን የዚህ ዓምድ ጉዳይ ነው።

እኛ በሄድንበት ቀን ከመካከላችን የነበሩ ሁለት አባቶች አንድ ጎልማሳ ምጣድ አስምቶ እንጀራ ሲጋግር ቆመው ያዩ ነበር። መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ። የአንደኛው ልጅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ይሆናል፣ አባቱ መጋገር ይችል እንደ ሆነ ጠየቀው። አባትየው የሰጠውን መልስ በጫጫታው አልሰማሁትም። በማግሥቱ ጧት ግን ደብረ ታቦር ላይ ከሆቴሉ ሰዎች ፔርሙዝ ተውሶ ሻይ ይዞ ወደ ሴቶቹ ክፍል የመጣው እርሱ ነበር። ስኳሩ በዝቶ ነበር፤ ቢሆንም ጠጣነው።

ከአውራ አምባ ስትነሡ መንገዱ መውጣት ይጀምራል። ከሞቃቱ ሜዳ ተነሥታችሁ አለም በርን ስታልፉ አየሩ ይለወጣል፤ ልጆች ጆሮአችን ተደፈነ ይላሉ፤ እናትም የመኪናውን መስኮት ታዘጋለች። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ናት። በክረምት ጧት ጉሙ እስከ ቤት ደጃፍ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም፤ በረዶም ይጨምራል። ጋቢ፣ ሹራብና ቡትስ ጫማ ሳይዙ መሄድ አይገባም። በሌላ በኩል ብርዱ አንድ ጥቅም አለው። ባሕር ዳርና ፎገራ ወባ ስላለባቸው እዚያ የሚያድር ሰው አጎበር ያስፈልገዋል፤ ደብረ ታቦር ላይ ግን ትንኝ እምብዛም ስለማያስቸግር ሕፃን ለያዘች እናት ማደሪያው እዚህ ቢሆን ይሻላል።

ከተማዋን የመሠረቷት የየጁው ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው ይባላል፤ ጊዜውም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ሆና ኖረች። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ተቀምጠውባታል። እንግሊዛዊው ጎርደን ከግብፅ ተልኮ ዐፄ ዮሐንስን ለመነጋገር በ1872 ዓ.ም. ጥቅምት የመጣው እዚሁ ነው። ዛሬ ደብረ ታቦር የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል አላት፤ ባጃጅ በየመንገዱ ይርመሰመሳል። የቀድሞውን ነገር የሚፈልግ ሰው ግን በእግሩ ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ኮረብታ ይውጣ። ሽማግሌዎቹ ዛፎች፣ ክቡ ቤተ ክርስቲያንና ከሥር የተዘረጋው ከተማ አንድ ላይ የሚታዩት ከዚያ ነው።

እዚያ ቆማችሁ ለልጆቻችሁ የ1834 ዓ.ም.ን ጦርነት ንገሯቸው፤ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ራስ ዓሊና የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ በዚህ አካባቢ ተዋጉ። ራስ ዓሊ ተሸነፍሁ ብለው ሸሹ። ድል አድራጊው ውቤ ድንኳን ተክለው ሲበሉ ሲጠጡ፣ የዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሶ ማረካቸው። ሸሽቶ የነበረው ጌታ አሸናፊ ሆኖ ተመለሰ! ታሪኩን ያነበበ ሁሉ እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምርበት። ያን ቀን የተዋጉት የሁለቱ መሳፍንት ሴት ልጆች፣ የዓሊ ልጅ ተዋበችና የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ፣ አንዷ ከሌላዋ ቀጥላ የቴዎድሮስ ሚስቶች ሆነዋል። ተዋበችን ለቋራው ካሣ የዳሩት አባቷ ራስ ዓሊና አያቷ እቴጌ መነን ናቸው፤ ያሰቡትም በእርሷ አማካይነት ሽፍታውን ካሣን ለማሰር ነበር። እርሷ ግን ባልና አባት ሲጣሉ ከባሏ ጋር ቆመች። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት ንጉሡ ብርቱ ኀዘን እንደ ገባቸው ታሪክ ይናገራል። የሰላም ማሠሪያ ተብላ የምትዳረውን ልጃገረድ ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም። ልጆቻችሁ፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ይህን ደብረ ታቦር ላይ ቆመው ቢሰሙት ከመጽሐፍ ይልቅ ይገባቸዋል።

ጉዞአችሁ ነሐሴ 12 ማታና 13 ላይ ከዋለ ዕድለኞች ናችሁ። ቡሄ በአገሩ ሁሉ ይከበራል፤ ደብረ ታቦር ግን በስሙ የተሰየመችለት ከተማ ናትና በዓሉ የራሷ ነው። በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ ጅራፉ ከኮረብታ ኮረብታ ይጮኻል፤ ወንዶች ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ይቀበላሉ። ሙልሙሉን የሚጋግሩት እናቶች ናቸውና ወጥ ቤቱ ያን ሌሊት እሳቱ አይጠፋም። ለእንግዳ እናት ግን ማንም ሙልሙል አይጠብቅባትም፤ እንደ ሰው ሁሉ ቆማ ጅራፍ ታዳምጣለች። ወቅቱ ፍልሰታ ስለሆነ ምግቡ የጾም ነው። ለስንቅ ይህ ትልቅ ቅለት አለው። ሥጋና ቅቤ የሌለበት ምግብ ቶሎ አይበላሽም፤ በየደረሳችሁበት ከተማም ሽሮና በያይነቱ አይታጣም። ስለዚህ ከቤት ይዛችሁ የምትወጡት ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የፈላ ውኃ ብቻ ቢሆን ማንም አይራብም። ድስትና ምድጃ ተሸክሞ መሄድ ምን ይሉታል?

ሁለተኛውን ቀን ለጋፋት ተዉት። ጋፋት ከከተማው ወጣ ብላ ያለች ስፍራ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከስዊስ የክሪሾና ሚሲዮን የመጡትን የእጅ ሥራ አዋቂዎች አስፍረው መድፍ ያሠሩት እዚህ ነው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተቀለጠው በጋፋት ነው። ቅጂውን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያላየ ልጅ የለም። ዛሬ ጋፋት ላይ የሚታየው ሜዳ፣ ሣርና ጥቂት ምልክት ነው። ትልቅ ሕንፃ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ታሪክ የሚያውቅ ሰው ካለ ግን ሜዳው ራሱ ይበቃል።

ስለ ጋፋት ሲነገር ስማቸው የሚነሣው ወንዶቹ ናቸው፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ሞሪትዝ ሆል። ሰዎቹ ግን እዚህ ትዳር መሥርተው፣ ልጅ ወልደው ኖረዋል። ቫልድማየር ያገባው የእንግሊዛዊው የጆን ቤልንና የኢትዮጵያዊት እናት ልጅ ሱዛንን ነው። ሞሪትዝ ሆል ያገባው ደግሞ ወለተ ኢየሱስን ነው፤ እርሷም ከጀርመናዊ ሠዓሊና ከኢትዮጵያዊት የተወለደች ናት። ሴት ልጃቸው ማግዳሌና ስሟን ያገኘችው ከመቅደላ ሲሆን፣ የታወቀው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የእርሷ የልጅ ልጅ ነው። ከጋፋት ምጣድ ተነሥቶ እስከ ለንደን ሲኒማ ቤት የደረሰ የዘር ሐረግ መሆኑ ነው!

በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። በመቶ የሚቆጠር ሰው መድፉን በገመድ እየጎተተ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ እያስጠረጉ፣ በዛሬው ጋይንት በኩል አልፈው ዋድላንና ደላንታን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። አምስት ወር ከምናምን ፈጀ። የዚያን ዘመን ጦር የሚያበላው ሴቱ ነበር። ወፍጮ ተሸክማ፣ ሊጥ አቡክታ፣ ጠጅ በገንቦ አዝላ ከሰልፉ ኋላ የምትከተል ሴት ባትኖር መድፉ አንድ ጋት አይንቀሳቀስም። የመድፉ ክብደት በመጻሕፍት ተጽፏል፤ የወፍጮውን ክብደት የጻፈ የለም።

በሦስተኛው ቀን የምትነዱት ይኸው መድፉ የሄደበት አገር ነው፤ እናንተ ግን በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትጨርሱታላችሁ። ማልዳችሁ ተነሡ። ነዳጅ ደብረ ታቦር ላይ ሙሉ፤ ፍሬንና የዝናብ መጥረጊያው መሥራታቸውን ሾፌሩ ይመልከት። ጉም ሲወርድ ረጅሙን መብራት ማብራት መንገዱን ይሰውረዋል እንጂ አይገልጠውም፤ በአጭሩ መብራት ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽ መውረድ ይገባል። ከብት መንገድ ላይ ቆሞ ቢገኝ ጥሩንባ መንፋት ከብቱን ከማስደንበር በቀር ጥቅም የለውም።

ጋሳይንና ክምር ድንጋይን ስታልፉ ጉና በቀኛችሁ ነው። ስለዚህ በዚህ ቀን የፊተኛው ወንበር የእናት ይሁን፤ ከዚያ ወንበር የተሻለ ማያ የለም። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ጉሙ ከፈት ሲል በግርጌው የገብስና የድንች ማሳ፣ ከዚያ በላይ አስታና ጓሳ፣ ከዚያም በላይ ጅብራ እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚህ ተራራ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተሻገራችሁት ያ አፈር የመሰለ ወንዝ እዚህ ጠጠር የሚታይበት ጥሩ ውኃ ነው። በመካከል ምን እንደ ገጠመው ልጆቹ ይጠይቁ፤ መልሱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተራቆተው ተዳፋት ላይ ተጽፏል። በዚህ ሁሉ ራቁት ኮረብታ መካከል ክብ ሆኖ የሚታይ ጥቁር አረንጓዴ ቦታ ካያችሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው፣ ከአገሩ የጠፉ ዛፎች በቅጽር ግቢ ውስጥ ተጠብቀው እንዳሉ አሳይተዋል።

ጌሳ የለበሱ እረኞች ከመንገዱ ዳር ቆመው እጃቸውን ያውለበልቡላችኋል። ከረሜላ ከመወርወር ወርዶ ሰላም ማለትና ስለ በጎቹ መጠየቅ ይሻላል፤ የፋርጣ በግ የታወቀ ዘር ነውና የሚያወሩት አያጡም። ወደ ተራራው ለመውጣት የፈለገ በእግር ነው። ነፍሰ ጡር፣ ደም ብዛት ያለበት ሰውና ሕፃን ልጅ ግን ከግርጌው ቢቀሩ ይመረጣል፤ በዚህ ከፍታ ላይ ጤነኛውም ትንፋሽ ያጥረዋል።

ነፋስ መውጫ ስሟ እውነት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ ነፋሱን ከአራቱም ማዕዘን ትቀበላለች። ዕንግዳ ይህችን ከተማ እንደ ጌጥ ብቻ አይቷት እንዳያልፍ አንድ ነገር መናገር ግድ ይለናል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ለአሥር ቀን ገደማ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ በሴቶቿ ላይ ግፍ ተፈጽሟል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 ሴቶች አነጋግሮ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ በጠመንጃ አስገድደው እንደ ደፈሯቸው ሴቶቹ ተናግረዋል። የከተማው ሆስፒታልም ተዘርፎ ስለ ነበር በጊዜው የሚረዳቸው አላገኙም። ስለዚህ ነፋስ መውጫ ላይ ቡና ስትጠጡ፣ ቡናውን የምትቀዳላችሁን ሴት ስለዚያ ወራት አትጠይቋት። ገንዘባችሁን እዚያው አውሉ፤ ምሳችሁን ከእርሷ ቤት ብሉ። ይህ ከይዘነው መጣን ስንቅ ይበልጣል።

ቀጥሎ ጨጨሆ ነው። በጌምድርን ከዋድላ ደላንታ የሚለየው ያ ገደል በጠራ ቀን ሲታይ ሰው ቃል ያጣል፤ በጉም ቀን ደግሞ ምንም አይታይም፤ ምርጫው የእናንተ አይደለም። በዚህ በበጌምድር አገር፣ አንቺም በተባለው ስፍራ፣ የደብረ ታቦሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ከመሐል አገር ጦር ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ከሰማይ አውሮፕላን ቦምብ ሲጥል ሕዝቡ ያየው ያኔ ነው። ራስ ጉግሣ የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. እርሷ ስትነግሥ መኳንንቱ ለያይተዋቸው እርሳቸው በጌምድር፣ እርሷ አዲስ አበባ ቀሩ። ጉግሣ በሞቱ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥቲቱ ዐረፈች። ታማ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ የሞቷን ምክንያት በሐዘን የሚተረጉሙትም አሉ። ጨጨሆ ላይ ቆሞ ይህን ለሚሰማ ሰው የትኛው እንደሚመስለው ለራሱ ይተው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይጀምር ተመለሱ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በዚህ መንገድ ላይ መገኘት አይመከርም። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ እቤት ተቀምጣችሁ ሥራውን ተከፋፈሉ እንላለን። ስንቁን የሚቋጥረው አንድ ሰው፣ የሚያጥበው ሌላ ይሁን። መኪና ለሚያዞረው ልጅ ሎሚና ፌስታል የሚይዘው ታላቅ ወንድሙ ቢሆን ምን ይጎድላል? የማደሪያውን ዋጋ አባት ይጠይቅ፤ አልጋውን አንጥፎ መነሣት ግን የየራስ ነው። አባት ሾፌር ከሆነ ድካሙ እውነት ነው፤ ያም ቢሆን መኪናው ከቆመ በኋላ እግሩን ዘርግቶ ሻይ የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየንም። እናትም በበኩሏ «ተዉት፣ እኔ እሠራዋለሁ» የምትለውን ቃል ለሦስት ቀን እቤት ትታው ትውጣ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው እንደ ሆነ እናውቃለን።

እቤት ስትደርሱ በመኪናው ውስጥ የሚቀረው ጭቃ የበላው ጫማ፣ እርጥብ ሹራብና የድንች ከረጢት ነው። ድንቹ ወደ ጓዳ ይግባ። ጫማውን እያንዳንዱ የራሱን ያጥባል።